አንድ ናሙና ለአንድ ስም ይበቃልን?

አዲስ ተማሪዎች ወደ ፊዚክስ ቤተ ሙከራችን በገቡበት የመጀመሪያ ቀን የሚሠሩት ሙከራ እጅግ ቀላል ነው። በክር ጫፍ የታሰረች የብረት ኳስ ወዲያና ወዲህ ትወዛወዛለች፤ ተማሪው ኳሷ ሄዳ እስክትመለስ የሚፈጀውን ጊዜ በሰዓት ይለካል። ለክቶ እንደ ጨረሰ ቁጥሩን ጽፎ ያመጣልናል፤ እኛም «አሥር ጊዜ ለካና ከነልዩነቱ አምጣ» ብለን እንመልሰዋለን። በዓመቱ መጨረሻ ቀመሩ ሁሉ ከአእምሮው ቢጠፋ እንኳ አንዲት ትምህርት አብራው እንድትቀር እንፈልጋለን፤ ይህችውም አንድ ጊዜ ብቻ የተለካ ነገር እንዳልተለካ ይቆጠራል የምትለው ናት።

በዚህ እምነት ጸንተን ሳለን ነበር የሥነ ሕይወት ትምህርት ክፍል ባልደረባችን፣ በዕድሜም በአገልግሎትም ታላቃችን የሆኑ መምህር፣ በሻይ ሰዓት አንድ ፎቶግራፍ ያሳዩን። በፎቶግራፉ ላይ የምትታየው ባዘቶ የተለጠፈባት የምትመስል ትንሽ ጥንዚዛ ነበረች። «አዲስ ዝርያ ናት፤ ዝርያ ብቻም አይደለችም፣ አዲስ ወገን ናት» አሉን። «ስንት ተገኘ?» ስንል ጠየቅን። «አንድ» ብለው መለሱ። እኛም ሳቅን። «በአንድ ነጥብ ላይ የፈለጉትን ያህል መስመር ማስመር ይቻላል፤ ስለዚህ ማንም አያምንዎትም» አልናቸው። መምህሩ አልተቆጡም። «እናንተ የፊዚክስ ሰዎች ዕውቀት ሁሉ በመለካት ብቻ የሚገኝ ይመስላችኋል። በሉ ጽሑፉን አንብቡትና እንነጋገር» ብለው ወረቀቱን ሰጡን።

የሚከተለው ሐተታ ከዚያ ንባብ የተገኘ ነው። ውድ አንባቢያን እንደምትመለከቱት ጥያቄው ስለ አንዲት ጥንዚዛ ቢመስልም በውስጡ የያዘው ጉዳይ ሰፊ ነው፤ ይኸውም ሳይንስ አንድን ነገር «አለ» ለማለት ምን ያህል ማስረጃ ያስፈልገዋል የሚለው ነው።

የወፍ ኩስ የመሰለው ነገር

ቦታው አውስትራሊያ ነው። በኩዊንስላንድ ክፍለ ግዛት ደቡብ ምሥራቅ ጫፍ፣ ከጎልድ ኮስት ከተማ በስተጀርባ ባሉት ተራሮች ላይ፣ ላሚንግተን የተባለ ብሔራዊ ፓርክ ይገኛል። ፓርኩ የተከለለው እ.ኤ.አ. በ1915 ሲሆን፣ ዛሬ የጎንድዋና ዝናባማ ደኖች በሚል ስም በዓለም ቅርስነት ከተመዘገቡት ደኖች አንዱ ክፍል ነው። ለብዙ አሥርት ዓመታት የነፍሳት ተመራማሪዎች መረባቸውን ይዘው የተመላለሱበት ሥፍራ በመሆኑ፣ በመንገዱ ዳር አዲስ ነገር ይገኛል ብሎ የሚጠብቅ ሰው ብዙ አይደለም።

እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2021 በኩዊንስላንድ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ተማሪ የነበሩት ጄምስ ትዊድ ቢና ቡራ በተባለው የፓርኩ አካባቢ ድንኳን ተክለው ሰፍረው ነበር። በሠፈሩበት አቅራቢያ ሲዘዋወሩ፣ ሎማንድራ በተባለ ሣር መሰል ረዣዥም ቅጠሎች ባሉት ተክል ላይ አንድ ነጭ ነገር ዓይናቸውን ሳበው። በመጀመሪያ እይታ የወፍ ኩስ ይመስል ነበር። አልፈው ከሄዱ በኋላ ግን ልባቸው ስላልረጋ ተመልሰው ቀረብ ብለው አዩት፤ ኩስ የመሰላቸው ነገር ጥንዚዛ ሆኖ ተገኘ።

የጥንዚዛዋ ርዝመት 9.7 ሚሊ ሜትር ነው፤ ይህም ከትንሿ ጣታችን ጥፍር ስፋት ጋር የሚቀራረብ ነው። ገላዋ ቀይና ጥቁር ሲሆን፣ መላ አካላቷን ረዣዥምና ቀጥ ብለው የቆሙ ነጫጭ ፀጉሮች ሸፍነውታል። ትዊድ መጻሕፍትንና የምርምር ጽሑፎችን ቢያገላብጡ የሚመስላት አላገኙም። ስለዚህ ጉዳዩን በካንቤራ ከተማ ለሚገኘው የአውስትራሊያ ብሔራዊ የነፍሳት ስብስብ አቀረቡ። ይህ ስብስብ ከ12 ሚሊዮን በላይ ናሙናዎች የያዘ ሲሆን፣ በዚያ ከሚሠሩት ሊቃውንት አንዱ ዶክተር አዳም ስሊፒንስኪ ናቸው። እኒህ ሰው ስለ አውስትራሊያ ባለ ረጅም ቀንድ ጥንዚዛዎች ከሔርሜስ ኤስካሎና ጋር የጻፉት ትልቅ ሥራ የመጀመሪያ ቅጽ እ.ኤ.አ. በ2013 ታትሟል፤ ቅጹም የሚመለከተው ይህች ጥንዚዛ የምትመደብበትን ላሚኔ የተባለውን ንኡስ አስተኔ ነው። ጥንዚዛዋ ቀደም ሲል የታወቀች ብትሆን ኖሮ ሊለይዋት ከሚችሉት ጥቂት ሰዎች አንዱ እርሳቸው ነበሩ ማለት ነው። ከሚታወቁት ወገኖች በየትኛውም ልትገባላቸው አልቻለችም።

ትዊድ ከባልደረቦቻቸው ጋር ያዘጋጁት ገለጻ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2024 በአውስትራሊያ የምደባ ሳይንስ መጽሔት ላይ ታተመ። የተሰጣት ስም ኤክስካስትራ አልቦፒሎሳ ነው። ኤክስካስትራ የወገኑ ስም ሲሆን በላቲን «ከሰፈሩ» እንደ ማለት ነው፤ ድንኳኑን ለማስታወስ የተሰጠ ነው። አልቦፒሎሳ የዝርያው ስም ሲሆን «ነጭና ፀጉራም» ማለት ነው። ገለጻው በታተመበት ጊዜ በሳይንስ የሚታወቀው ናሙና ያው አንዱ ብቻ ነበር።

ባለ ረጅም ቀንዶቹ

ወደ ክርክራችን ከመመለሳችን በፊት ስለ ጥንዚዛዋ ዘመዶች ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። ባለ ረጅም ቀንድ ጥንዚዛዎች ሴራምቢሲዴ በሚባል አንድ ትልቅ አስተኔ ውስጥ ይመደባሉ። «ቀንድ» የተባለው በእውነቱ ቀንድ ሳይሆን ሽታንና ንክኪን የሚያውቁበት አንቴና ነው፤ በብዙዎቹ ከመላ ገላቸው ርዝመት ይበልጣል። ካርል ሊኔየስ የዛሬው የእንስሳት አሰያየም መነሻ በሆነው እ.ኤ.አ. በ1758 በታተመው መጽሐፉ ሴራምቢክስ የሚለውን ስም ከሰጣቸው ወዲህ ከ35,000 በላይ ዝርያዎች ተገልጸዋል።

እነዚህ ጥንዚዛዎች አብዛኛውን የሕይወት ዘመናቸውን የሚያሳልፉት በዕጭነት ነው። ዕጩ በእንጨት ወይም በተክል ግንድ ውስጥ ዋሻ እየቦረቦረ ይኖራል፤ ጎልማሳው ጥንዚዛ ወደ ብርሃን የሚወጣው ለአጭር ጊዜ ነው። አብዛኞቹ የሚመገቡት የሞተ ወይም በመሞት ላይ ያለ እንጨት በመሆኑ፣ የወደቀው ዛፍ ተፈርፍሮ ወደ አፈር እንዲመለስ ይረዳሉ። ጥቂቶቹ ደግሞ በሕይወት ያለ ዛፍ የሚያጠቁ በመሆናቸው ከሰው ጋር ተጣልተዋል። በደን ውስጥ አንዲት ባለ ረጅም ቀንድ ጥንዚዛ በተገኘች ጊዜ «ዕጯ የሚበላው የትኛውን ዛፍ ነው?» ተብሎ የሚጠየቀውም በዚህ ምክንያት ነው።

መለኪያና የተለካው

አሁን ወደ ተነሳንበት እንመለስ። አንድ ናሙና እንዴት በቂ ይሆናል?

መልሱን ያገኘነው በራሳችን ሙያ ውስጥ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1889 እስከ 2019 ድረስ አንድ ኪሎ ግራም ማለት በፓሪስ አቅራቢያ በሴቭር በሚገኘው ዓለም አቀፍ የመለኪያዎች ቢሮ የተቀመጠ አንድ የፕላቲነምና የኢሪዲየም ቅይጥ ሲሊንደር ክብደት ማለት ነበር። «ኪሎ ግራምን ለመወሰን ስንት ሲሊንደር ተመዘነ?» ብሎ የጠየቀ ሰው አልነበረም። ምክንያቱም ያ ሲሊንደር የመለካት ውጤት ሳይሆን ራሱ መለኪያው ነው። ሌላው ሁሉ ከእርሱ ጋር እየተነጻጸረ ይፈረድበታል።

በሥነ ሕይወትም እንደዚሁ ነው። አዲስ ዝርያ ሲገለጽ አንድ ናሙና ተመርጦ ሆሎታይፕ ይባላል፤ በአማርኛ የስያሜው ዋቢ ናሙና ልንለው እንችላለን። የዋቢው ተግባር የዝርያውን አማካይ መጠን ማሳየት አይደለም። 9.7 ሚሊ ሜትር የአንዲት ጥንዚዛ ርዝመት እንጂ የዝርያው ርዝመት አይደለም፤ ገላጮቹም እንዲያ አላሉም። የዋቢው ተግባር ስሙን በአንድ በሚጨበጥ ነገር ላይ ማሰር ነው። ነገ በሌላ ተራራ ላይ ፀጉራም ጥንዚዛ ብትገኝ «ይህች ያች ናት ወይስ ሌላ?» የሚለው ክርክር የሚፈታው በቃላት ሳይሆን ከዋቢዋ ጋር ጎን ለጎን በማስተያየት ነው። እ.ኤ.አ. ከ2000 ወዲህ ለሚወጣ ለማንኛውም አዲስ የእንስሳት ዝርያ ስም እንዲህ ያለ ዋቢ በግልጽ መሰየሙ በዓለም አቀፉ የአሰያየም ሕግ የታዘዘ ነው።

«ስሙስ ይሁን፤ ነገር ግን አዲስ መሆኗ በአንዲት ጥንዚዛ እንዴት ይታወቃል?» የሚል አንባቢ ይኖራል። እኛም ይህንኑ ለባልደረባችን አንስተን ነበር። እርሳቸውም «የምትቆጥሩት በተሳሳተው ወገን ነው» አሉን። ናሙናዋ አንድ ናት፤ የተነጻጸረችው ግን ከዚያ በፊት ከታወቁትና በዘርፉ ሊቃውንት ከተመረመሩት ወገኖች ሁሉ ጋር ነው። የአንቴናው መገጣጠሚያዎች አቀማመጥ፣ የአፍ ክፍሎች ቅርጽ፣ የእግር ጉድጓዶች መዘጋትና መከፈት፣ የክንፍ ሽፋን ጫፍ፣ እነዚህ በየወገኑ የተለያዩና በዘፈቀደ የማይለዋወጡ ባሕርያት ናቸው። ፀጉሩ ዓይን የሚስብ ምልክት ቢሆንም ፍርዱ የሚሰጠው በእነዚህ ሁሉ ድምር ነው።

በዚህ ጊዜ ነበር ያፈርነው፤ የራሳችንን ታሪክ ረስተን ነበርና። እ.ኤ.አ. በ1964 በአሜሪካ ብሩክሄቨን በሚገኘው ቤተ ሙከራ ኦሜጋ ማይነስ የተባለው ቅንጣት መኖሩ የተረጋገጠው በሺዎች ከሚቆጠሩ ፎቶግራፎች መካከል በተገኘች በአንዲት ፎቶግራፍ ነው። በፎቶግራፏ ላይ የታዩት ዱካዎች በሌላ በማንኛውም የታወቀ ቅንጣት ሊገለጹ ስላልቻሉ አንዷ በቃች። ልዩነት አለ፤ ኦሜጋ ማይነስ አስቀድሞ በስሌት የተተነበየ ሲሆን፣ ኤክስካስትራ ግን ማንም ሳይጠብቃት የመጣች ናት። የማስረጃው መንገድ ግን አንድ ነው። «ስንት ነው?» የሚል ጥያቄ ብዙ ጊዜ መለካትን ይጠይቃል። «አለን?» የሚል ጥያቄ ግን በደንብ በተመረመረ አንድ ምሳሌ ሊመለስ ይችላል።

አንድ ነገር ደግሞ የእኛ ሙያ አምልጦ የእነርሱ ያላመለጠው አለ። እ.ኤ.አ. ከግንቦት 20 ቀን 2019 ጀምሮ ኪሎ ግራም በፕላንክ ቋሚ ቁጥር ስለሚወሰን የሴቭሩ ሲሊንደር ቢጠፋም ኪሎ ግራም አይጠፋም። ለጥንዚዛ ግን ተፈጥሮ ያዘጋጀችው ቋሚ ቁጥር የለም። ዋቢው በእሳት ወይም በብል ቢጠፋ ስሙ ተንሳፎ ይቀራል።

ብቸኛዋን መውሰድ

ጽሑፉን ካነበብን በኋላ የቀረን አንድ ቅሬታ ነበር። ከዚያ በፊት ማንም ያልገለጻትን፣ አንዲት ብቻ የተገኘችን ፍጥረት ለስብስብ መውሰድ ተገቢ ነውን? ፎቶግራፍ አንስቶ መተው አይበቃምን?

ባልደረባችን ይህን ጥያቄ በቀላሉ አላለፉትም። ባለ አከርካሪ እንስሳ ቢሆን ኖሮ መልሳቸው ሌላ እንደሚሆን ነገሩን። ጥንዚዛን በተመለከተ ግን ወገን የሚለዩት ባሕርያት በሆድ በኩል፣ በአፍ ሥርና በእግር መጋጠሚያ ተደብቀው የሚገኙ በመሆናቸው በቅጠል ላይ ከተነሳ ፎቶግራፍ አይነበቡም። በተጨማሪም ነፍሳትን ከምድር የሚያጠፋቸው በጥቅሉ የአንድ ተመራማሪ እጅ ሳይሆን የሚኖሩበት ሥፍራ መጥፋት ነው። ለዚህ ምሳሌው ከዚያው ቦታ አይርቅም። እ.ኤ.አ. በ1933 የተመሠረተው ታሪካዊው የቢና ቡራ የእንግዳ ማረፊያ እ.ኤ.አ. በመስከረም 2019 በተነሳ የደን እሳት ወድሟል። ትዊድ ጥንዚዛዋን ያገኙት ከሁለት ዓመት ከጥቂት ወራት በኋላ ነው። እሳቱ ሌላ አቅጣጫ ይዞ ያች የሎማንድራ ቁጥቋጦ ተቃጥላ ቢሆን ኖሮ ማንም ምን እንደ ጠፋ አያውቅም ነበር። ስም የሌለውን ነገር ሲጠፋ የሚቆጥረው የለም።

ይህ መልስ ቅሬታችንን ሙሉ በሙሉ አላነሳውም፤ መነሳትም ያለበት አይመስለንም። ነፍስ የሚወስድ ሳይንስ ቅሬታው ጨርሶ የማይሰማው ቀን እጁ ይከብዳል። ነገር ግን ጥንዚዛዋ የተወሰደችው ለጌጥ እንዳልሆነ አምነናል።

ነጭነቱ ከየት መጣ?

ፊዚክስ መምህር ነጭ ነገር አይቶ ዝም ማለት አይችልምና ስለ ፀጉሩ ጥቂት እንበል። ነጭ ቀለም ብዙውን ጊዜ ቀለም አይደለም። አንባቢ ይህን በቤቱ ሊያረጋግጥ ይችላል። ንጹሕ ነጠላ በውኃ ውስጥ ነክሮ ማውጣት ነው፤ ደርቆ ሳለ ነጭ የነበረው ነጠላ ሲረጥብ ስስ ሆኖ ከበስተጀርባው ያለውን እጅ ያሳያል። ከጥጡ የወጣ ቀለም የለም፤ ውኃውም ንጹሕ ነው። ታዲያ ነጭነቱ የት ሄደ?

ብርሃን ከአንድ ቁስ ወደ ሌላ ሲሻገር ከድንበሩ ላይ ጥቂቱ ይንጸባረቃል። የሚንጸባረቀው መጠን የሚወሰነው በሁለቱ ቁሶች የስብረት ኢንዴክስ ልዩነት ነው። የነፍሳት ገላ የተሠራበት የካይቲን ቁስ ኢንዴክስ 1.56 ገደማ፣ የአየር ደግሞ 1 ነው። ልዩነቱ ለድምሩ ተካፍሎ ውጤቱ በራሱ ሲባዛ፣ ብርሃኑ ድንበሩን ቀጥ ብሎ ሲመታ የሚንጸባረቀው ከመቶ 5 ያህል ይሆናል። ይህ ትንሽ ነው። ነገር ግን ፀጉሮቹ ብዙና ቀጫጭን በሆኑ ቁጥር ብርሃኑ ከአየር ወደ ፀጉር፣ ከፀጉር ወደ አየር ደጋግሞ ይሻገራል፤ በእያንዳንዱ ድንበር ጥቂት ጥቂት እየተመለሰ በመጨረሻ አብዛኛው ወደ ዓይናችን ይመጣል። ፀጉሩ ቀለም ከሌለው ቀዩም፣ አረንጓዴውም፣ ሰማያዊውም እኩል ስለሚመለሱ የምናየው ነጭ ነው። በአየሩ ፈንታ ኢንዴክሱ 1.33 የሆነ ውኃ ሲገባ በእያንዳንዱ ድንበር የሚንጸባረቀው ከመቶ 0.6 ገደማ ብቻ ይሆናል፤ ነጠላውም ይሰወራል። ጥጥ የራሱ ኢንዴክስ ከካይቲን ጋር የሚቀራረብ በመሆኑ ስሌቱ ለሁለቱም ይሠራል። ጥንዚዛዋን ባዘቶ የለበሰች ብለን የጀመርነው ለማስዋብ ብቻ አልነበረም ማለት ነው።

ጥንዚዛዎች በዚህ ጥበብ የተካኑ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2007 ይፋ በሆነ ጥናት ሳይፎኪለስ የተባለች የደቡብ ምሥራቅ እስያ ጥንዚዛ ከሰው ፀጉር ከአሥር እጥፍ በላይ በሚያንስ ውፍረት ባላቸው ቅርፊቶች እጅግ የጠራ ነጭነት እንደምታገኝ ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ2020 ደግሞ ከእኛዋ ጋር በአንድ አስተኔ የምትመደብ ኔዮሴራምቢክስ ጊጋስ የተባለች ጥንዚዛ ሦስት ማዕዘን ቅርጽ ያላቸው ፀጉሮቿ የፀሐይን ብርሃን እየመለሱ ገላዋን እንደሚያቀዘቅዙላት ተዘግቧል።

የኤክስካስትራ ፀጉር ምን ይጠቅማታል? ገላጮቹ የሰነዘሩት ሐሳብ ከሙቀት ጋር የተያያዘ አይደለም። ነፍሳትን የሚገድሉ ሻጋታዎች አሉ፤ ለምሳሌ ቦቬሪያ ባሲያና የተባለው ሻጋታ የገደለውን ነፍሳ ነጭ ብናኝ አልብሶ ይተወዋል። ስሙ የተወሰደው እ.ኤ.አ. በ1835 የሐር ትሎችን የሚፈጀው በሽታ ምክንያቱ ሻጋታ መሆኑን ካሳወቀው ጣሊያናዊ ከአጎስቲኖ ባሲ ነው። ኤክስካስትራም በሻጋታ የሞተች መስላ በመታየት ከወፎች ታመልጥ ይሆናል የሚል ግምት ቀርቧል። ፊዚክስ ነጭነቱ እንዴት እንደሚሠራ ይነግረናል፤ ለምን እንደ ተሠራ ግን የሚመልሰው በደኑ ውስጥ የሚደረግ ምልከታ ነው። ያ ምልከታ ደግሞ ሌሎች ጥንዚዛዎችን ማግኘትን ይጠይቃል። ወንድና ሴቷ በምን ይለያሉ? ዕጩ የሚኖረው በየትኛው ተክል ነው? «አሥር ጊዜ ለካ» የሚለው ትእዛዛችን ቦታ የሚያገኘው እዚህ ላይ ነው። ስሙ የምርምሩ መጨረሻ ሳይሆን መጀመሪያው ነው።

ሁለት ጥንዚዛዎችና አንድ ተርብ

ስም መለየት የሊቃውንት ቅንጦት የሚመስለው አንባቢ ካለ አንድ ታሪክ እንንገረው። ነገሩ እኛን የሚመለከት ዛፍ አለበት። ባሕር ዛፍ አገሩ አውስትራሊያ ነው። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1890ዎቹ፣ የአዲስ አበባን የማገዶ ችግር ለማቃለል ወደ አገራችን ገብቶ ዛሬ ለብዙ ገበሬ ቤተሰብ ጥሪት ሆኗል። ወደ ሌሎች አገሮችም ተሰራጭቷል። በአንዳንዶቹ አገሮች ግን ዛፉን ተከትሎ ጠላቱም መጥቷል።

ፎራካንታ ሰሚፑንክታታ የተባለች ባለ ረጅም ቀንድ ጥንዚዛ ዕጯ በባሕር ዛፍ ልጥ ሥር እየቦረቦረ በተለይ ድርቅ ያዳከመውን ዛፍ ይገድላል። ይህች ጥንዚዛ ከአውስትራሊያ ወጥታ ደቡብ አፍሪካና የሜዲትራንያን አገሮች ደርሳለች፤ እ.ኤ.አ. በ1984 ደግሞ በካሊፎርኒያ ታየች። ተመራማሪዎች በጥንዚዛዋ እንቁላል ውስጥ የራሷን እንቁላል የምትጥል አቬቲያኔላ ሎንጎይ የተባለች ደቃቅ ተርብ ከአውስትራሊያ አመጥተው እ.ኤ.አ. ከ1993 ጀምሮ በካሊፎርኒያ ለቀቁ። ተርቧ ሥራዋን በሚገባ ሠራች፤ ጥንዚዛዋም እየቀነሰች ሄደች።

እ.ኤ.አ. በ1995 ግን በዚያው በካሊፎርኒያ ፎራካንታ ሬኩርቫ የተባለች የቅርብ ዘመዷ ተገኘች። ሁለቱን ላልሠለጠነ ዓይን መለየት ይቸግራል፤ አንዷ የክንፍ ሽፋኗ ጠቆር፣ ሌላዋ ደግሞ ወደ ቢጫ ያደላች ናት። ለተርቧ ግን ልዩነቱ የሕይወትና የሞት ነው። በሬኩርቫ እንቁላል ውስጥ የተጣለው የተርቧ እንቁላል ብዙ ጊዜ በመከላከያ ሽፋን ተከቦ ስለሚሞት፣ ሁለተኛዋ ጥንዚዛ የመጀመሪያዋን ቦታ እየያዘች ሄደች። ሁለቱ በአንድ ስም ቢጠሩ ኖሮ ሰዎች «ተርቧ መሥራት አቆመች» ብለው መድኃኒቱን በተሳሳተ ቦታ ይፈልጉ ነበር። ሁለት የተለያዩ ዋቢ ናሙናዎች፣ ሁለት ስሞች መኖራቸው ከዚህ ስሕተት አዳናቸው።

መሳቢያው

ጽሑፉን መልሰን ልናስረክብ በሄድን ዕለት ባልደረባችን ከቢሯቸው ጥግ ካለው ቁም ሣጥን አንድ የእንጨት መሳቢያ ስበው አወጡ። በውስጡ ተማሪዎቻቸው በየዓመቱ ለመስክ ትምህርት ሲወጡ የሰበሰቧቸው ባለ ረጅም ቀንድ ጥንዚዛዎች በመርፌ ተወግተው ተደርድረዋል። በእያንዳንዱ ሥር ትንሽ ወረቀት አለ፤ ቦታው፣ ቀኑ፣ ከፍታው፣ ሰብሳቢው ተጽፎበታል። ስም ሊጻፍበት የሚገባው መስመር ግን በብዙዎቹ ላይ ባዶ ነው።

«አዲስ ናቸው?» ብለን ጠየቅን። «አላውቅም፤ ምናልባት ሁሉም ከመቶ ዓመት በፊት የተሰየሙ ይሆናሉ። ምናልባት አንዷ አልተሰየመችም ይሆናል። ለማወቅ ከዋቢዎቹ ጋር ማስተያየት አለብኝ» አሉን። በ19ኛውና በ20ኛው መቶ ዘመን ከአፍሪካ ተሰብስበው የተገለጹ የነፍሳት ዋቢ ናሙናዎች አብዛኞቹ የሚገኙት እንደ ለንደን፣ ፓሪስና ቤልጂግ ውስጥ እንዳለችው እንደ ቴርቩረን ባሉ የአውሮፓ ቤተ መዘክሮች ነው። ትዊድ ጥያቄያቸውን ይዘው የሄዱት በአገራቸው ዋና ከተማ ወዳለ ስብስብ ነበር፤ ባልደረባችን ግን ባሕር መሻገር ይኖርባቸዋል። እርግጥ ነው፣ ቤተ መዘክሮች የዋቢዎቻቸውን ፎቶግራፍ በኢንተርኔት ማውጣት ከጀመሩ ወዲህ መንገዱ አጥሯል፤ ያም ቢሆን ለማስተያየት የራስን ናሙና በጥራት ማንሳትን ይጠይቃል።

በዚህን ጊዜ አንድ ነገር ትዝ አለን። ለዶክትሬት ትምህርት በውጭ አገር በቆየንባቸው ዓመታት በአንድ የእሑድ ቀን ቤተ መዘክር ጎብኝተን ነበር። በመስታወት ሥር ከተደረደሩት ነፍሳት መካከል በአሮጌ ቀለም «አቢሲኒያ» የሚል ቃል የተጻፈባቸው ጥቂት ጥንዚዛዎች ነበሩ። የአገራችንን ስም በማየታችን ደስ ብሎን አለፍን። እነዚያ ጥንዚዛዎች እዚያ ምን እንደሚሠሩ፣ አንድ ቀን አንድ ባልደረባችን በመሳቢያው ላይ ጎንበስ ብሎ እነርሱን እንደሚፈልግ አልገባንም ነበር።

ባልደረባችን የጠየቁን ገንዘብ አልነበረም። «እናንተ ስለ ብርሃን ታውቃላችሁ። እነዚህን ያለ ጥላ ማንሳት የሚቻለው እንዴት ነው?» አሉን። ጥያቄው የእኛ ስለሆነ መልሱን አላጣንም፤ መብራቱን በነጭ ወረቀት ጥቅልል ውስጥ አልፎ ከየአቅጣጫው እንዲበተን ማድረግ፣ በየጥልቀቱ የተነሱትን ሥዕሎች ማጣመር ነው። የኦፕቲክስ ቤተ ሙከራችን ካሜራ ከሰዓት በኋላ ሥራ አይበዛበትም። ሥራውን የጀመርነው ከሁለት ተማሪዎች ጋር ነው፤ አንዱ ከፊዚክስ፣ አንዷ ከሥነ ሕይወት።

ለአዲስ ተማሪዎቻችን አሁንም «አሥር ጊዜ ለካ» እንላቸዋለን፤ ይህ አልተለወጠም። የጨመርነው አንድ ነገር ብቻ ነው። ሰዓቱን ከመያዛቸው በፊት በደብተራቸው ራስጌ ላይ የሚለኩት ነገር ምን እንደ ሆነ፣ የት፣ መቼና በማን እንደ ተለካ እንዲጽፉ እናዛለን። ይህን የተማርነው በጥንዚዛ ሥር ከተሰካች ትንሽ ወረቀት ነው።